የታዘዘውና የሆነው

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ። ሁለቱ ተናጋሪዎች አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሳቸው የሥራ ዘመናቸውን በውሃ ኃይል ማመንጫ መቆጣጠሪያ ክፍል በፈረቃ አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል። እሷ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የቁጥጥር ምሕንድስና ታስተምራለች። ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ልትገነባ እንዳሰበች ከተሰማ ወዲህ በሁለቱ መካከል የተከፈተው ክርክር ገና አልተዘጋም። ከዚህ በታች ያለው የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታቸው ነው።

ጋሼ፦ ጳጉሜን 2017 የሕዳሴው ግድብ በተመረቀበት ሰሞን ቀጣዩ ሥራ የኑክሌር ማመንጫ እንደሚሆን ሰማን። ሳምንታት ሳይቆዩ መስከረም ላይ ሞስኮ ውስጥ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ የኑክሌር ድርጅት ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። እኔ መገንባቱን አልቃወምም። ኤሌክትሪክ የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ከደጋው ጋሞ መንደሮች አውቀዋለሁ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ክፉው ሌሊት ሲመጣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር?

መምህርት፦ ሁለቱም ናቸው፣ ጋሼ። ግን የእርስዎ ስጋትና የእኔ ስጋት አንድ አይደለም። እርስዎ ማሽኑ ሰውን ከወንበሩ እንዳያነሣው ይሰጋሉ። እኔ ደግሞ ማሽኑ በትክክል የጀመረውን ሥራ ሰው በገዛ እጁ እንዳያቆመው እሰጋለሁ። ይህ ደግሞ የሆነ ነገር ነው። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው ማመንጫ ውሃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። ሪአክተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ግፊቱ ሲጨምር አንድ የማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ፤ ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፣ አልተዘጋም። ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይወጣ ጀመር። ይህን ጊዜ የአደጋ ጊዜ ፓምፖቹ ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው ውሃ ይጨምሩ ጀመር። ኦፕሬተሮቹ ግን ከመጠን በላይ የሞላ መስሏቸው ቀነሷቸው። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ፓምፖቹን ሳይነኳቸው ቢተዉ ኖሮ የዚያን ማመንጫ ስም ዛሬ እኔና እርስዎ ባላወቅነው ነበር።

ጋሼ፦ እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን የማያውቁ አልነበሩም።

መምህርት፦ አልነበሩም። ከባሕር ኃይሉ የኑክሌር መርከቦች የመጡ፣ ግፊት መቆጣጠሪያው ዕቃ ጢም ብሎ እንዳይሞላ ደጋግመው የሠለጠኑ ናቸው። የሠለጠኑበትን ነው ያደረጉት። ከመቶ በላይ ማንቂያ በአንድ ጊዜ ይጮኽባቸው ነበር። ማንቂያዎቹን በተራ የሚያትመው ማተሚያ እንኳ በሰዓታት ወደ ኋላ ቀርቶ ያለፈውን ነበር የሚነግራቸው።

ጋሼ፦ ታዲያ ቫልቩ ክፍት መሆኑን እንዴት አላዩም? ቦርዱ ላይ መብራት አልነበረውም?

መምህርት፦ ነበረው። መብራቱ ጠፍቶ ስላዩት ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው። መብራቱ ግን ከቫልቩ ጋር አልተያያዘም፤ የተያያዘው ለቫልቩ ከሚላከው ትእዛዝ ጋር ነው። “ዝጋ” የሚለው ትእዛዝ ስለተላከ መብራቱ ጠፋ። ቫልቩ ስለመዘጋቱ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ጋሼ፦ ይኸው! ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ላጫውትሽ። ስሙን በማልጠራው ማመንጫ የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ የውሃ መግቢያውን በር እንዲዘጋ አዘዝኩ። ቦርዱ ላይ የመዝጊያው መብራት በራ። የወለሉ ንዝረት ግን አልተለወጠም፤ እኔ ደግሞ ያንን ንዝረት ከእግሬ ጫማ በታች እንደማውቀው ሌላ ነገር አላውቅም። ስልክ አንሥቼ በሩ ጋ ያለውን ልጅ “ሂድና በዓይንህ አይተህ ንገረኝ” አልኩት። የእጅ ባትሪውን ይዞ ወረደ፤ ተመልሶ ሲደውል “ጋሼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሯል” አለኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ እያንዳንዱን መብራት እየጠቆምኩ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ የሚነግርህ የታዘዘውን ነው ወይስ የሆነውን?

መምህርት፦ ያንን ጥያቄ እኔም ክፍል ውስጥ እጠይቃለሁ። ከእርስዎ የወሰድኩት ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ወቀሳው ሁሉ ሰውዬው ላይ አይውረድ። ማሽኑ ፓምፑን በትክክል አስነሣ አልሽኝ፤ ያው ማሽን ግን በመብራቱ ዋሽቶታል። በአንድ አፉ እየዋሸ በሌላው ቢያድን ሰው የትኛውን ይመን?

መምህርት፦ እውነት ነው። አደጋውን ያጣራው ኮሚሽን ሰብሳቢ ጆን ኬሜኒም የሒሳብና የኮምፒውተር ሰው ነበር፤ ቤዚክ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ማሽን የሚወድ ሰው ነው እንግዲህ። ኮሚሽኑ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ዋናው ችግር ከብረቱ ይልቅ ከሰዎቹና ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ነበር፤ ሥልጠናው፣ መመሪያው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ አቀማመጥ። የእኛ አገርም በዚሁ ነገር ተመትታለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን ምሳሌ አድርጌ ሳስተምር ...

ጋሼ፦ ምሳሌ አትበይው፣ ልጄ። 157 ሰው ነው።

መምህርት፦ ልክ ነዎት። ግን መማሪያ ካላደረግነው ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚበረው አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ ላይ ወደቀ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ወደ ላይ እንደቀና የሚለኩ ሁለት ጠቋሚዎች ነበሩት። በግራ ያለው ተበላሽቶ 74.5 ዲግሪ አለ፤ በቀኝ ያለው 15 ዲግሪ ገደማ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው አውቶማቲክ ሥርዓት የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የሰማው የተበላሸውን ነው። ሁለቱ ጠቋሚዎች መለያየታቸውን ለአብራሪው የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ከዚያ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው እስካለቀ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተብራራም። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ በመመሪያው መሠረት የኤሌክትሪክ ማስተካከያውን አጠፉ። በዚያ ፍጥነት ግን መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር አልተቻለም።

ጋሼ፦ ያሬድ 29 ዓመቱ ነበር። በወቅቱ ወቀሳውን በልጆቹ ላይ ሊጥሉ የሞከሩ ነበሩ። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰውየው ትክክል ሆኖ፣ ማሽኑ ተሳስቶ፣ ማሽኑ እልኸኛ ሆነበት። አሜሪካኖቹ ጋ ደግሞ ማሽኑ ትክክል ሆኖ ሰው አስቆመው። አየሽ፣ የእኔም የአንቺም ስጋት እኩል ተፈጽሟል።

መምህርት፦ ሥሩ ግን አንድ ነው፣ ጋሼ። በሁለቱም ቦታ ማሽኑ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ለምን እንደሚያደርገው፣ በየትኛው መለኪያ ተማምኖ እንደሆነ አይናገርም። ሁለት መለኪያዎች ሲጣሉ “ተጣልተውብኛል” የሚል ማሽን ከአንድ መለኪያ ተነሥቶ በልበ ሙሉነት ከሚያዝ ማሽን ይሻላል። ተማሪዎቼ በጣም ብልህ ፕሮግራም ለመጻፍ ይጓጓሉ። እኔ ግን አለማወቁን የሚናገር ፕሮግራም እንዲጽፉልኝ ነው የምፈልገው፤ ይህኛው ይከብዳቸዋል።

ጋሼ፦ የጃፓኑ ፉኩሺማስ? እዚያ ምንም የሚናገር ማሽን አልቀረላቸውም።

መምህርት፦ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ሲመጣ ሪአክተሮቹ በትክክል ጠፉ። የጠፋ ሪአክተር ግን ለረጅም ጊዜ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ በቁልፍ አይጠፋም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሱናሚው ደረሰና ጄኔሬተሮቹን፣ ባትሪዎቹን አሰጠመ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጨለመ፤ መለኪያዎቹም አብረው ሞቱ። ሠራተኞቹ ከግቢው መኪኖች ባትሪ እየፈቱ አምጥተው ከመለኪያዎቹ ጋር አገናኙና በእጅ ባትሪ አነበቡ።

ጋሼ፦ እነዚህን ሰዎች አከብራለሁ። የእጅ ባትሪውን ነገር ለብቻዬ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

መምህርት፦ አሁን የሚያሳዝነውን ይስሙ። በዚያ ሁሉ ድካም ያነበቡት የመጀመሪያው ሪአክተር የውሃ መጠን መለኪያ፣ ውሃው ከነዳጁ በላይ ነው አላቸው። ነዳጁ ግን ያን ጊዜ ተጋልጦ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። መለኪያው በዚያ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ የተሰናዳ ስላልነበረ ነው የተሳሳተው። ያለ ፓምፕ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያም ነበራቸው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ቫልቮቹ በራሳቸው ተዘጉ። በአደጋ ማስተባበሪያው ያሉት ግን እየሠራ መስሏቸው ሰዓታት አለፉ። ከዚያ በፊት ያን መሣሪያ በእውነተኛ ሥራ ላይ አስነሥቶ ያየ ሰው በፈረቃው ውስጥ አልነበረም።

ጋሼ፦ ኃላፊያቸው ግን ማሳኦ ዮሺዳ ነበር። ይህን ሰው ስለማደንቀው አንብቤበታለሁ። የባሕር ውሃ ወደ ሪአክተሩ ማስገባት ጀምሮ ሳለ ከላይ “አቁም” ተባለ። በስብሰባው ፊት አቁሙ ብሎ ጮክ ብሎ አዘዘ፤ ሠራተኛውን ግን አስቀድሞ ጠርቶ “የምለውን አትስማ፣ ውሃውን እንዳታቋርጥ” ብሎት ነበር። ትክክል የነበረው እሱ ነው። ይህን የሚያደርግ ኮምፒውተር አምጪልኝ።

መምህርት፦ አላመጣልዎትም። እንዲያውም አለቃው ያዘዘውን የሚጥስ ኮምፒውተር ለማንም ባይመጣ ይሻላል። ግን ያው ዮሺዳ በመጀመሪያው ሌሊት ያ ማቀዝቀዣ እየሠራ መስሎት ነበር። ጀግንነቱ የተሳሳተውን ወሬ ሊያርምለት አልቻለም። ልቡ የሰው፣ ዓይኑ የማሽን ነበር፤ ዓይኑ ታወረ። እርስዎ የሚሉት ዓይነት ሰው ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ሙቀቱም ጨለማውም የማይገድሉት መለኪያ እንዲሰጠው እፈልጋለሁ።

ጋሼ፦ ቼርኖቤል ላይም እንዲሁ ነበር መሰለኝ፤ ጨረር መለኪያው።

መምህርት፦ አዎ። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት እጃቸው ላይ የነበሩት መለኪያዎች የሚያሳዩት ከፍተኛው መጠን በሰዓት 3.6 ሮንትገን ነበር። መርፌው እዚያ ደርሶ ተገተረ። “3.6 ነው” ብለው ወደ ላይ ሪፖርት አደረጉ። እውነተኛው በሺዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር። መለኪያው “ከዚህ በላይ አልችልም” ሲል ሰዎቹ “ይህን ያህል ነው” ብለው ሰሙት። ሪፖርቱ ደግሞ ሁሉም መስማት የሚፈልገው ዓይነት ስለነበር ደግሞ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጋሼ፦ ይህኛው የማሽን በሽታ ብቻ አይደለም። እኛም አገር የታቀደው እንደተሠራ፣ የታዘዘው እንደተፈጸመ ተጽፎ የሚላክበት ስንት ሪፖርት አለ። የመንገድ ሪፖርት ሲሆን ጉዳቱ ጭቃ ነው። የኑክሌር ሪፖርት ሲሆን ግን ... ከብረቱ በፊት ይህ ልማድ መለወጥ አለበት።

መምህርት፦ ይህን በደንብ እስማማለሁ። አሁን ግን እርስዎ የማይወዱትን ልናገር። ሰው ጨርሶ መግባት የሌለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ማሽን ብቻ ይግባ።

ጋሼ፦ ለምን የማልወደው ይመስልሻል?

መምህርት፦ የቼርኖቤል ጣሪያ ላይ ከምዕራብ ጀርመን የመጣ ሮቦት አወጡ፤ ጨረሩ ወዲያው ገደለው። ከሶቪየቶቹ ሮቦቶች አንዳንዶቹ ትንሽ ሠርተዋል፤ ሥራው ግን አላለቀም። ስለዚህ ሰዎችን አካፋ አስይዘው በሩጫ አወጡ፤ አንድ ሰው ጥቂት አካፋ ጥሎ በደቂቃና በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዲመለስ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ናቸው። ስማቸውንም “ባዮሮቦት” አሏቸው።

ጋሼ፦ እግዚኦ።

መምህርት፦ ጃፓን ከዚህ ትማራለች ብለው ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶካይሙራ ላይ አደጋ ከደረሰ በኋላ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆኑ ሮቦቶች ሠርታ ነበር። ከዚያ “አያስፈልጉም” ተብለው ፕሮግራሙ ቀረ። እንዲህ ያለ አደጋ እኛ ጋ አይደርስም ማለት እኮ ነው። በ2003 ዓ.ም. ፉኩሺማ ላይ የሮቦት አገር የምትባለው ጃፓን መጀመሪያ ወደ ሕንፃዎቹ ያስገባችው ከአሜሪካ የመጡትን ፓክቦት የተባሉ ሮቦቶች ነው። የራሷ ሮቦት ኩዊንስ ቆይቶ ገባ፤ ጥሩ ሠራ፤ ጥቅምት 2004 ላይ ገመዱ ተይዞበት እዚያው ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ የገቡትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከቀለጠው ነዳጅ የመጀመሪያዋን ቅንጣት ያወጡት ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ ነው፤ 0.7 ግራም። ውስጥ ያለው 880 ቶን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል።

ጋሼ፦ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ግራም የማይሞላ! ይህ ለሚቸኩል ሁሉ ሊነገር ይገባል። እኔ ግን ሰው አይግባ በሚለው አልጣላሽም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጎፋ። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ገዜ ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤቶች ላይ ወደቀ። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው በእጁና በአካፋው ሊያወጣቸው ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ በእነዚያ ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙው ሊያድን የሄደ ነው።

መምህርት፦ እኔ ማሽን ይቅደም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሰው ወገኑ ከአፈር ሥር ሆኖ ራሱን መቆጠብ ስለማይችል ነው። የሚፈራርሰውን መሬት የሚያይ፣ “ተራራው ገና አላቆመም፣ አትቅረቡ” የሚል መሣሪያ ቢኖር፣ ያ ሁሉ ደግ ሰው ቢያንስ የሚመርጥበት ነገር ይኖረው ነበር።

ጋሼ፦ ማን ይሰማዋል ግን? መሣሪያው “አትቅረቡ” ይላል፤ እናት ከሥር ናት። በአንድ ጩኸት ሰው አይቆምም። መስከረም 2011 እዚሁ ከተማ የሆነውን አስቢ። ልጆቹ በንዴት ሲነሡ ያቆማቸው ፖሊስ አይደለም። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ልጆቹ ተመለሱ። ይህ ክብር በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም፣ ዱቡሻ በሚባለው የጋሞ የሸንጎ አደባባይ ላይ በዘመናት የተሠራ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰማው የሚታመን ሰው ሲናገረው ነው።

መምህርት፦ ፉኩሺማ ላይ የጎደለውም ይኸው ነው። ጃፓኖቹ ስፒዲ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበራቸው፤ ጨረሩ በነፋስ ወደ የት እንደሚሄድ የሚተነብይ። ሲያሰላ ነበር። ስሌቱ ግን ለሕዝቡ በጊዜው አልተነገረም፤ ከማመንጫው የሚወጣውን ትክክለኛ መጠን ስላላወቁ ትንበያው አስተማማኝ አይደለም አሉ። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ሽሽት ብለው ወደ ጹሺማ ሄዱ። ደመናውም ወደዚያው ሄደ።

ጋሼ፦ ማሽኑ ተናገረ፣ ሰው ዋጠው።

መምህርት፦ ያልተሟላ ነው ብለው ዋጡት። “አልተሟላም፣ ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው” ብሎ መናገር ይቻል ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ ግን፣ ጨረር ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር ባለመሆኑ አንዳንዴ ተስፋ አለኝ። የከብት በሽታ የሆነውን ገንዲን ለማጥፋት ቃሊቲ ላይ የሚራባው ወንድ ቆላ ዝንብ በጨረር መክኖ በአውሮፕላን እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ላይ ተበትኗል። ከብት አርቢው ነገሩን በስሙ ያውቀዋል። ከማመንጫው በፊት ሕዝቡን ማነጋገር ከዚህ ሊጀመር ይችላል።

ጋሼ፦ ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትስ? የሁሉን ነገር መፍትሔ ይዞ መጣ እያሉን ነው።

መምህርት፦ ለማንቂያ ጎርፍ ይጠቅማል። መቶ ደወል በአንድ ጊዜ ሲጮኽ የመጀመሪያው የቱ እንደሆነ፣ የቀሩት የእሱ ልጆች መሆናቸውን ለይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም። ግን አስተውሎቱ የሚማረው ካለፈ ነገር ነው። በዓለም ላይ እምብርታቸው የቀለጠ ትልልቅ ሪአክተሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የሚያሠለጥኑት በሲሙሌተር ነው፤ ሲሙሌተሩን ደግሞ የጻፈው ሰው ነው። ጸሐፊው ያላሰበው አደጋ ሲመጣ ማሽኑም አያስበውም፤ ችግሩ ደግሞ ያን ጊዜም ድምፁ ልክ እንደ ወትሮው እርግጠኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሰው ጋር አብሮ መለማመድ አለበት። ሰውየው ማሽኑ የትኛው ላይ እንደሚበረታ፣ የትኛው ላይ እንደሚሰንፍ ከአደጋው በፊት ማወቅ አለበት።

ጋሼ፦ ወደ ውጭ ለሥልጠና የሚላኩት ልጆች ይህን ይጠይቁ። ሻጩ የሚያሳያቸው ሁሉም መብራት የሚሠራበትን ሲሙሌተር ነው። እነሱ ግን “አሁን ግማሹን አጥፉልን” ይበሉ። “ይህኛው መለኪያ እንዲዋሽ አድርጉት፣ እኛ እንፈልገው” ይበሉ። እምቢ ካሏቸው ዕቃውን አይግዙ።

መምህርት፦ እኔ እዚሁ መጀመር እችላለሁ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ የታንክ ውሃ ልክ መቆጣጠሪያ አለ። የደረጃ መለኪያውን ሽቦ አላቅቄ ያለፈውን ንባብ እያሳየ እንዲቆም ማድረግ ቀላል ነው። ታንኩ ይፈስሳል፣ ስክሪኑ “ሙሉ ነው” ይላል። እርስዎ መጥተው ከኋላ ቢቆሙልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፦ እመጣለሁ። ግን ሁለት ነገር ታደርጊልኛለሽ። ታንኩን በእንጨት ከልዪው፣ በዓይን እንዳይታይ። ደግሞ የትኛው እንደሚዋሽ አስቀድመሽ አትንገሪያቸው።

መምህርት፦ ውሃው እግራቸው ሥር ቢደርስም?

ጋሼ፦ እዚያ ሲደርስ ያውቁታል። እኔ የማየው ከዚያ በፊት ተነሥቶ ሄዶ የሚያይ ልጅ ካለ ነው።

መምህርት፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ አለን።

ጋሼ፦ ማክሰኞ ይሁን።